ያልተቆፈረው ክትር

ነካኪ የሌለው ሰፈር የለም። ደጋም ይሁን ቆላ፣ ቤት ተሠርቶ ጭስ ከታየ፣ ከዚያ መሃል አንድ እጁ የማያርፍ ሰው ይኖራል። የተዘጋ ሲያይ መክፈት አለበት። የተከፈተ ሲያይ መዝጋት አለበት። ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ሲያይ ደግሞ ነቅነቅ ካላደረገው ምሳ አይበላለትም። ክፋት የለበትም። እንዲያውም ክፋት ቢኖርበት ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ይደክመዋል።

ከወረታ ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ ቀርቶ ሜዳው በሚጀምርበት፣ ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ባለው ሰፈር ይህ ሹመት የደሳለው ነበር። ካህናቱ ሊቀ ጠበብት፣ ሊቀ ካህናት እየተባሉ ሲሾሙ፣ ሰፈሩም በበኩሉ ደሳለውን ሊቀ ነካክያን ብሎ ሾመው። አልተቆጣም። ሹመቱን የነገረውን ሰውዬ የኮት ቁልፍ እያዞረ ነበር የሰማው፤ ሰውዬው ቤቱ ሲደርስ ቁልፉ የለም።

ደሳለው አንዲት ቃል አለችው፤ “አየት አድርጌ ልመልሰው።” ይህችን ካለ በኋላ ዕቃው ወደ ቦታው አይመለስም። ቢመለስም እንደ በፊቱ አይሆንም።

ሚስቱ እማዋይሽ ዶሮ አስታቅፋ ነበር። ደሳለው በየቀኑ ዶሮዋን ብድግ ያደርግና እንቁላሉን አንድ በአንድ ጆሮው ላይ እያስጠጋ ያዳምጣል። ዶሮዋ ታግሣ ታግሣ፣ አንድ ቀን ተነሥታ ወጣች፤ አልተመለሰችም። እማዋይሽም “በል እንግዲህ፣ አንተው ታቀፈው” ብላ እንቅቡን ከፊቱ አኖረችለት።

የአማቹ ልጅ ክንዱ ተሰብሮ ወጌሻ አስሮለት ነበር። ደሳለው ሊጠይቅ ሄዶ፣ ሻሹን ፈቶ፣ አጥንቱ መግጠሙን አየት አደረገ። ወጌሻው እንደ ገና ሊያስር ሲመጣ ልጁን ትቶ ደሳለውን ለማሰር ምንም አልቀረው። ንብም አንብቶ ያውቃል። ቀፎውን እየከፈተ ማሩ መድረሱን ሲያይ ሲያይ፣ ንቦቹ ተማክረው ወደ ይፋግ አቀኑ ይባላል። እስከ ዛሬ ይፋግ ገበያ ማር ያየ እንደ ሆነ፣ “ይህ እንግዲህ የኔ ነው” ይላል። በሩዝ ማሳው ላይም በመሃል አንድ ቢጫ መስመር አለ፤ ቡቃያ እየነቀለ ሥሩን አይቶ የመለሰበት ነው። ሰፈሩ የደሳለው መንገድ ይለዋል።

የዚህ ሰው ጎረቤትነት የደረሳት ጸሐይነሽ ናት። የቄስ ይሄይስ ባለቤት፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ያስቀመጠችው ነገር ባስቀመጠችበት እንዲያድር የምትወድ ሴት። ማሰሮዋ እንኳ ጆሮው ወዴት ዞሮ እንደሚያድር ታውቃለች። እግዜር እንዲህ ያለችውን ሴት ከደሳለው ጋር በአንድ አጥር አካፈላቸው። የሱን ነገር ማን ያውቃል።

ከቤቷ ፊት ለምለም ሣር አለ፤ ማኅበርተኞች ጽዋ ሲጠጡ የሚቀመጡበት። ከሣሩ ዳር፣ ወደ ሜዳው በኩል፣ ቄሱ በሕይወት ሳሉ አፈር እየተሸከሙ ያቆሙት ክትር አለ። ከጉልበት ከፍ ይላል፤ እሱም ሣር ለብሷል። ክትሩ ለጌጥ አይደለም። ክረምት የርብ ወንዝ ሲሞላ ፎገራ ሜዳ ሐይቅ ይሆናል። ውሃው በሩዙ ላይ እየተንሸራተተ ይመጣና ክትሩ ሥር ይተኛል። አምና ግን ተኝቶ ብቻ አልሄደም፤ ከክትሩ ላይ አንድ ጉርሻ ጎርሶ ሄደ።

ቤቷ የጭቃ ነው። ጭቃ ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው አብሮት ይሄዳል። ሐሙሲት ያለችው ልጇ በደወለች ቁጥር፣ ቤቱ ሳይወድቅብሽ ነይና ከኛ ጋር ኑሪ ትላታለች። ጸሐይነሽ ልጇን ትወዳለች። ብቻ በልጅ ቤት ጥግ ይዞ፣ የሌላ ሰው ምድጃ እያዩ መኖር አልዋጥልሽ አላት። ክትሩ ከቆመ ቤቷ ይቆማል። ቤቷ ከቆመ እሷም በራሷ ደጅ ታረጃለች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የላትም።

የግብርና ባለሙያዋ ሰገን በዚያ ስታልፍ ክትሩን አሳየቻት። ሰገን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ ይህን አፈር የያዘው የሣሩ ሥር ነው፣ ዶማ ካስነካሽው ዋልካው ይላቀቅና ውሃው እንደ ቂጣ ይገምጠዋል አለቻት። ስለዚህ ሳትቆፍሪ ትከይ። ከክትሩ ላይ በሣሩ ዳር ዳር፣ ሣሩን ሳይነቅሉ ካርቶን ማንጠፍ፤ በካርቶኑ ላይ ፍግ፤ በፍጉ ላይ የሩዝ ጭድ። ከዚያ በሹል እንጨት ብቻ ወጋ እያደረጉ፣ ከዓመት ዓመት የሚያቆጠቁጥ ተክል መሰካት። ጠጅ ሳር ከውሃው በኩል፣ አሪቲና ጤና አዳም ከሣሩ በኩል። ካርቶኑ ይበሰብሳል፣ ሥሩ ይወርዳል፣ ክትሩ እንደ ተሰፋ ልብስ ይያያዛል።

“ከዚያ ወዲያ ሥራው መተው ነው” አለች ሰገን። “ክረምቱ እስኪወጣ ማንም እንዳይነካው።”

ጸሐይነሽ ይህን ስትሰማ ዓይኗ ሳታስበው ወደ አጥሩ ዞረ። ከአጥሩ ማዶ የደሳለው ባርኔጣ ይታያል።

እውነቱ ይነገር፤ ያለ ደሳለው ሥራው አይሆንም ነበር። ሳትጠራው መጣ። የአህያ ጋሪውን ይዞ ወረታ ወጣና ከየሱቁ ደጅ ካርቶን ለቅሞ ተመለሰ። ፍጉን ከራሱ በረት፣ ጭዱን ከራሱ አውድማ አመጣ። ጠጅ ሳሩን ከየዘመዱ ጓሮ እየገመሰ ሲያመጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጓሯቸው አንድ ነገር በፈቃዳቸው ወሰደ። ጸሐይነሽ አንዱን ሳታነሳ እሱ ሦስቱን ያነሳል። ላቡ በግንባሩ እየወረደ ወሬውም አይቋረጥም። ብቻ በጋሪው ላይ ዶማም ነበረ።

“ጉድጓድ የሌለው ተከላ፣ ሬሳ የሌለው ለቅሶ ነው” አላት።

“አያ ደሳለው፣ ዶማውን ከአጥር ውጭ አስቀምጠው።”

“ኧረ ትንሽ ጫር ባደርገው ምን ይላል ብለሽ ነው?”

“ውሃው ይላላ። አስቀምጠው።”

አስቀመጠው። በሹል እንጨት እየወጋ፣ እያጉረመረመ፣ እስኪመሽ ተከለ። ሲጨርስ ክትሩ ጭድ ለብሶ፣ በጭዱ መሃል አረንጓዴው ብቅ ብቅ ብሎ፣ ለዓውደ ዓመት የተጎዘጎዘ ይመስል ነበር። ጸሐይነሽ መረቀችው። ከልቧ ነው የመረቀችው።

ምርቃቱ ሳይደርቅ፣ አንድ ጠዋት ስትወጣ ደሳለው ክትሩ ላይ ተንበርክኳል። ጭዱ እንደ ጋቢ ተገልጦ ታጥፏል። አንድ ጠጅ ሳር ይዞ፣ ሥሩን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ይመረምራል።

“ምን እያደረግህ ነው፣ አያ ደሳለው?”

“ሥር መስደዱን አየት አድርጌ ልመልሰው ብዬ ነው። ሰዷል፤ ደስ ይበልሽ እት ጸሐይ።”

“የሰደደውን ነቀልከው እኮ።”

ደሳለው እጁን አየ። “እሱስ እውነትሽን ነው” አለ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ እንደ ሰማ ሰው።

አዝኖ መለሰው፤ ሁለተኛ አይለምደኝም አለ። በማግሥቱ ሌላኛውን ነቀለ። ያኛው ሰዶ ይህኛው ባይሰድስ ብሎ እንቅልፍ አጥቶ ነው ያደረ። ጸሐይነሽ ለመነችው። ተቆጣችው። እሾህ ከመረችበት፤ እሾሁን አየት አድርጎ ወደ ጎን አደረገው። ክረምቱ እየገባ ነው፤ ሰማዩ ከጣና በኩል በየቀኑ ይጠቁራል፤ የክትሩ ተክል ግማሹ በደሳለው እጅ ይጠወልጋል። በመጨረሻ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ነፍስ አባቱ ወደ አባ ባምላክ ሄደች።

አባ ባምላክ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀልድ ያውቃሉ፤ በግዝት ግን አይቀልዱም። ደሳለውን አስጠርተው መስቀላቸውን ከፊቱ ያዙ። “ልጄ ደሳለው፣ መስቀል እስኪወጣ ድረስ ወደ ጸሐይነሽ ክትር እጅህን እንዳትሰድ፣ ብረትም እንዳታስነካ፣ ገዝቼሃለሁ” አሉት። ደሳለው መስቀሉን ተሳለመ። ሲወጣ እጁን ኪሱ ከተተው፤ እጁ ግን በኪሱም ውስጥ አላረፈም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያለውን ክረምት ሰፈሩ አይረሳውም። ክትሩ ላይ መንካት የተከለከለው እጅ ሌላ ቦታ ፈለገ። የቤቱን በር ፈታታ፤ መልሶ ሲገጥመው ወደ ውጭ ይከፈት የነበረው ወደ ውስጥ ሆነ። አልጋውን ፈታታ። እማዋይሽ መደብ ላይ ተኝታ፣ ይህን ግዝት ያመጣችብኝ ምን በድያት ነው እያለች በአጥሩ ላይ ለጸሐይነሽ አሰማቻት። ደሳለው ራሱ ግን ጠዋት ማታ ወደ ክትሩ ይመጣል። እጁን ከኋላው ቆልፎ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ቆሞ ያያል። የመነኮሰ ድመት ወተት ሲጠብቅ እንዲያ ነው።

ጸሐይነሽም አላረፈች። ዝናቡ በመጣ ቁጥር ትወጣለች፤ ባባራ ቁጥር ትወጣለች። ውሃው ሩዙን አልፎ፣ ወደ ቧንቧ ውሃው የሚወስደውን መንገድ አልፎ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደሷ ይቀርባል። ልጇ ስትደውል ደህና ነኝ ትላለች፤ ድምፅዋን ግን ልጇ ታውቀዋለች። ጠጅ ሳሩ ይዟል። አሪቲውም ይዟል። ሥሩ ይውረድ አይውረድ የሚያውቅ የለም፤ እንዳይነካ የተገዘተው ለዚህ ነው።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን፣ ሰፈሩ ሁሉ ቅዳሴ ገብቷል። ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ውሃው ክትሩ ሥር ደርሶ ቆሟል። ጸሐይነሽ ፈርታ ከቤት ቀርታለች። ደሳለውም ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነበር፤ ግን መቆም አቃተው፤ እግሩ ራሱ ወደ ክትሩ አመጣው።

“እት ጸሐይ” አለ ከውጭ። ድምፁ የሱ አልመሰላትም። “ነይ። ነይ ብቻ።”

ወጣች። ደሳለው ሁለቱን እጆቹን በብብቱ ሥር አጥብቆ ይዞ፣ በአገጩ ያመለክታታል። ከጭዱ ሥር፣ አይጥ በቦረቦረው መንገድ፣ ውሃ ወደ ሣሩ እየገባ ነው። ጡጫ ያክላል። ጸሐይነሽ ተንበርክካ ጭድ ወተፈችበት፤ ውሃው ተፋው። ነጠላዋን ጠቅልላ ወተፈች፤ ነጠላዋ በሣሩ ላይ ተንሳፍፎ ሄደ። ጉድጓዱ አሁን ጡጫ አይደለም፤ ራስ ያክላል። ከላይ አንድ ክምር አፈር ከነጠጅ ሳሩ ተንዶ ወደቀ።

“ያዘው እንጂ አያ ደሳለው!”

“ግዝት አለብኝ።”

“ያስገዘትኩ እኔ ነኝ። ፈትቼሃለሁ።”

“አንቺ ምን ሥልጣን አለሽ። የገዘተው ነው የሚፈታኝ።”

የገዘቱት አባ ባምላክ መቅደስ ውስጥ ናቸው። ቅዳሴ ተጀምሮ ቄስ አይጠራም። ደሳለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አየ፤ ወደ ጉድጓዱ አየ፤ ወደ ጸሐይነሽ ቤት ግድግዳ አየ። ዕድሜውን ሁሉ አትንካ ሲባል የነካ ሰው፣ አሁን ንካ ሲባል እጁን እንደ ሌባ በብብቱ አስሯል። ጸሐይነሽ በዚያች ሰዓት የልጇን ቤት ጥግ አየችው፤ ምንጣፉ ሁሉ ታያት።

ደሳለው ድንገት ክትሩን ተሻግሮ ውሃው ውስጥ ገባ። ጀርባውን ወደ ክትሩ አዞረ። ሁለት እጆቹን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ አነሣ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ውሃው ቆመ።

ደረቱ ድረስ ተውጧል። ጉድጓዱ ጀርባውንና መቀመጫውን ይዞ እንደ በርሜል ክዳን ገጥሞበታል። ጸሐይነሽ አፏን ይዛ ቆመች። ልትስቅ ነው ልታለቅስ ነው፣ እሷም አላወቀችውም፤ ሁለቱም መጣ።

“አትቁሚ” አላት፣ እጁን እንደ ሰቀለ። “ከኔ ግራና ቀኝ ጭድና ጭቃ እየለወስሽ ጠቅጥቂ። በእግርሽ። አይደለም፣ ወደዚህ። እንዲያ ነው።” እጁ ቢታሰር ምላሱ አልታሰረም። ጸሐይነሽ ጠቀጠቀች። ከሰማይ ዝናብ፣ ከታች ውሃ፣ ከመሃል የደሳለው ትእዛዝ እየወረደባት ጠቀጠቀች። እጁ ዛለና ወደ ታች ሲመጣ፣ ክትሩን እንዳይነካ ብሎ ራሱ ላይ ያኖረዋል፤ አርፎ መልሶ ይሰቅለዋል።

ቅዳሴው አለቀ። ሕዝቡ ጃንጥላውን ዘርግቶ ሲወርድ፣ ውሃ መሃል እጁን ሰቅሎ የተቀመጠ ሰው አየ። አንዳንዱ ሱባኤ የገባ መሰለው። እማዋይሽ ከፊት ነበረች። ቀርባ ከላይ እስከ ታች አየችው።

“ከተጋባን ጀምሮ ተቀመጥ ስለው እንቢ ያለኝ ሰው” አለች፣ “የሚቀመጥበት ጠፍቶ ነው ለካ።”

አባ ባምላክ በዘንጋቸው እየተደገፉ ደረሱ። ደሳለው ከንፈሩ ጠቁሯል። “አባቴ፣ እጄን ይዩልኝ፤ ንጹሕ ነው” አላቸው።

አባ ባምላክ እጁን አዩ፤ ከዚያ ወደ ታች አዩ። ጺማቸው ሥር ሳቃቸውን ሊደብቁ ሞከሩ፤ አልተሳካላቸውም። “መቀመጫህን አልገዘትኩም” አሉት። መስቀሉን ራሱ ላይ አደረጉ። “እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ። በል ንካ።”

የዚያን ቀን የነካውን አነካክ ያየ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ወንዶቹ ከመንገዱ ዳር አፈር በጆንያ አመጡ፤ ደሳለው ተቀብሎ፣ ውሃው ውስጥ ሳለ፣ ከጀርባው ሥር ወተፈ፤ አጠበቀ፤ ጠቀጠቀ። ሲመሽ ከውሃው አወጡት። እግሩ ስለ ደነዘዘ ተሸክመው ነው ያወጡት፤ ተሸክመውትም የአንዱን ተሸካሚ ባርኔጣ ያቃና ነበር። ክትሩ ግን ቆመ። ውሃው ከጠጅ ሳሩ ጋር ሲታገል ሰንብቶ፣ በመስከረም አንገቱን ደፍቶ ወደ ርብ ተመለሰ።

ልጇ ከሐሙሲት መጥታ ቤቱን አየች። ግድግዳውን በእጇ ነካ ነካ አደረገችው፤ ደረቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ነይ አላለቻትም።

መስቀል ሲወጣ ጠጅ ሳሩ ከወገብ በላይ ሆኖ፣ ክትሩ በሣሩ ዳር አረንጓዴ መቀነት መሰለ። በአንድ ቦታ ብቻ ጆንያው ሟሽሾ ጎድጎድ ብሏል፤ ሰው የተቀመጠበትን ያህል። ጸሐይነሽ በዚህ ክትር ላይ ጉድጓድ አልፈልግም ብላ ነበረ፤ ይህኛውን ግን ማንም አልቆፈረውም። ከኪዳነ ምሕረት ግቢ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ለምና አመጣች። በግቢዋ ካለው ተክል ሁሉ አብልጣ የወደደችውን ይህን ቅርንጫፍ እዚያ ተከለች፤ በእጇ ፍግ አልብሳ፣ በእጇ ጭድ አለበሰችው። ለምን እዚያ እንደ ሆነ የጠየቃት ሰው፣ ቦታው ጥሩ ነው ትለዋለች።

በማግሥቱ ጠዋት ደጇ ላይ ሩዝ ትለቅማለች። ደሳለው በአጥሩ በኩል ገባ፤ ሰላም ብሎ አለፋት፤ ጽጌረዳው ፊት ቆመ። እጁን ከኋላው አድርጎ ቆየ። ወደሷ ሰረቅ አድርጎ አየ። ጸሐይነሽ ሰፌዱን ይዛ ተነሣች፤ ጀርባዋን ለክትሩ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። ያልተለቀመ ሩዝ አልነበራትም፤ የተለቀመውን እንደ ገና ትለቅም ጀመር። ጭዱ ኮሽ ሲል ሰማች፤ ዞር ሳትል መልቀሟን ቀጠለች።